ንፋስ መውጫ ላይ የደከመ ሞተር፦ ጥፋቱ የከፍታው ነው ወይስ የዲስትሪቢዩተሩ?

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ከምትገኘው ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ለሞተር ሳይንስ ተማሪ ሰፊ ቤተ ሙከራ ነው። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። ደብረ ታቦር 2700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንገዱ የጉናን ተራራ ግርጌ ተከትሎ የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ወደሆነችው ወደ ንፋስ መውጫ ሲደርስ ከፍታው 3100 ሜትር ያህል ይሆናል። ከተማዋ ስሟ እንደሚመሰክረው ነፋስ አይጎድላትም። የሚጎድላት የአየሩ ውፍረት ነው።

በዚህ መንገድ አሮጌ የቤንዚን መኪና ይዞ የወጣ አሽከርካሪ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። ወረታ ላይ ደኅና የነበረው ሞተር ዳገቱን ሲያያዘው ይደክማል፤ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እየተንገታገተ ይወጣል። አንዱ «የከፍታ ነገር ነው፤ ምንም ማድረግ አይቻልም» ብሎ ይተወዋል። ሌላው ቁልፍ አንሥቶ ሞተሩ ደስ የሚል ድምፅ እስኪያሰማ ድረስ ዲስትሪቢዩተሩን ያዞራል። ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። የመጀመሪያው እውነተኛ ብልሽት በከፍታ ሰበብ ተሸፍኖ እንዲቆይ ያደርጋል። ሁለተኛው ያልተበላሸውን ያበላሻል፤ መኪናው ወደ ቆላ ሲመለስም ፒስተን እስከ መብሳት የሚደርስ ጉዳት ሊከተል ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ተራራው የሚወስደውን ጉልበትና ብልሽት የሚወስደውን ጉልበት እንዴት መለየት እንደሚቻል፣ ከዚያም ብልሽቱን በምን ቅደም ተከተል መፈለግ እንደሚገባ እንመለከታለን።

ለምሳሌነት የመረጥነው በተለምዶ «ቮልስ» የምንላትን ቮልስዋገንን ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚህች ዓይነት መኪና እንደነበር ይታወሳል። የመጨረሻዋ ቮልስ ከሜክሲኮው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በዓለም ዙሪያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል። ሞተሯ አራት ሲሊንደር ያለው፣ በውኃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ዲስትሪቢዩተሯ የምንለው አብዛኛው ነገር ለአሮጌዎቹ ፊያት፣ ፔጆና ላንድ ሮቨር የቤንዚን ሞተሮችም ይሠራል። መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በ2016 ዓ.ም. ማስታወቁም ሲታሰብ፣ በእጅ ያለውን ሞተር አውቆ መጠበቅ ከቀድሞው ይልቅ ዋጋ ያለው ዕውቀት ሆኗል።

ብልጭታው ለምን ይቀድማል?

በቤንዚን ሞተር ውስጥ አየርና ቤንዚን ተደባልቀው ወደ ሲሊንደር ይገባሉ፤ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ይታመቃሉ፤ ካንዴላው በሚሰጠው የኤሌክትሪክ ብልጭታም ይቀጣጠላሉ። ብዙ ሰው ድብልቁ በአንድ ቅጽበት የሚፈነዳ ይመስለዋል። እሳቱ ግን ከካንዴላው ጫፍ ተነሥቶ በደረቅ ሣር ላይ እንደሚሄድ እሳት ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛመተ ነው ድብልቁን የሚያዳርሰው። ለዚህም ጊዜ ያስፈልገዋል።

ይህን ጊዜ በቁጥር እንየው። ብልጭታው ከተሰጠ በኋላ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍተኛ ደረጃ ላይ እስኪደርስ 2.5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይወስዳል እንበል። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 50 ዙር፣ ማለትም 18000 ዲግሪ ይዞራል። ስለዚህ በ2.5 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ 45 ዲግሪ ይጓዛል። ከሞተሩ የተሻለው ጉልበት የሚገኘው ደግሞ ከፍተኛው ግፊት ፒስተኑ ላይ ጫፍ ደርሶ ቁልቁል መውረድ ከጀመረ በኋላ፣ 15 ዲግሪ ያህል ሲያልፍ ሲደርስ ነው። ከ45 ላይ 15 ሲቀነስ 30 ይቀራል። ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 30 ዲግሪ አስቀድሞ መሰጠት አለበት ማለት ነው። መካኒኮች «ታይሚንግ» የሚሉት ይህንኑ የመቅደም መጠን ነው።

ብልጭታው ከሚገባው በላይ ከቀደመ፣ ገና ወደ ላይ እየወጣ ያለውን ፒስተን የቃጠሎው ግፊት መልሶ ይገፋዋል። ከዚህም የከፋው እሳቱ ያልደረሰበት የድብልቁ ክፍል በግፊትና በሙቀት ብዛት በራሱ ሲፈነዳ ነው። ይህ ሞተር «አንኳኳ» የሚባለው ነው፤ በቆርቆሮ ላይ ጠጠር እንደሚወርድ ያለ ድምፅ ያሰማል፤ ከቆየም የፒስተኑን አናት ይበላል። ብልጭታው ከዘገየ ደግሞ ቃጠሎው የሚያበቃው ፒስተኑ ብዙ ከወረደ በኋላ ስለሆነ ጉልበት ይባክናል፤ ወደ ሥራ ያልተለወጠው ሙቀትም በጭስ ማውጫው በኩል ሲወጣ የማስወጫውን ቫልቭ ያቃጥላል።

ሞተሩ በዝግታ፣ በደቂቃ 900 ጊዜ ብቻ ሲዞር፣ ያው 2.5 ሚሊ ሰከንድ ከ14 ዲግሪ ያነሰ ጉዞ ነው። እንግዲያው ታይሚንጉ በአንድ ቁጥር ተወስኖ ሊቆይ አይችልም፤ ሞተሩ ሲፈጥን መቅደም፣ ሲዘገይ መዘግየት አለበት። ይህን የማድረጉ ኃላፊነት የዲስትሪቢዩተሩ ነው።

ዲስትሪቢዩተር ምን ይሠራል?

አሜሪካዊው ኢንጂነር ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ለካዲላክ መኪና ያዘጋጀው የማቀጣጠያ ሥርዓት በመሠረቱ ሳይለወጥ ከስልሳ ዓመት በላይ አገልግሏል። ሥርዓቱ በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የምንማረውን የፋራዴይን ሕግ ሥራ ላይ ያውላል። ከባትሪው የሚመጣው የ12 ቮልት ኤሌክትሪክ በቦቢናው ውስጥ ባለው የመጀመሪያ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ያልፋል፤ መጠኑ ከ3 እስከ 4 አምፒር ያህል ነው። ይህ ኤሌክትሪክ የሚዘጋው በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ባሉት ሁለት ትንንሽ የብረት መገናኛዎች፣ መካኒኮች ፑንቲና በሚሏቸው በኩል ነው። አራት ጉብታ ያለው ዘንግ እየዞረ ፑንቲናውን ሲከፍተው ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ በቦቢናው ውስጥ የነበረው የመግነጢስ መስክ በድንገት ይፈርሳል። የመስኩ መፍረስ በመጀመሪያው ጥቅል ላይ ከ200 እስከ 300 ቮልት ይፈጥራል። ሁለተኛው ጥቅል ወደ መቶ እጥፍ የሚጠጋ ዙር ስላለው ከ20000 ቮልት በላይ ይሰጣል። ብልጭታው የሚፈጠረው በዚህ ቮልት ነው።

በፑንቲናው ጎን የተገጠመው ኮንደንሰር 0.2 ማይክሮ ፋራድ ያህል ብቻ የሚይዝ ትንሽ ዕቃ ነው። ነገር ግን እሱ ከሌለ ኤሌክትሪኩ በሚከፈተው ፑንቲና ላይ እየዘለለ ብረቱን ያቃጥላል፤ መስኩም ቀስ ብሎ ስለሚፈርስ በቂ ቮልት አይገኝም። በመጨረሻም የሚሽከረከረው ሮተር ከፍተኛውን ቮልት ከክዳኑ መሐል ተቀብሎ በተራ ለአራቱ ካንዴላዎች ያድላል። በቮልስ ተራው 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው።

ታይሚንጉን የሚያስቀድሙት ሁለት መሣሪያዎች ናቸው። የመጀመሪያው በዘንጉ ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ክብደቶች ናቸው፤ ሞተሩ ሲፈጥን ወደ ውጭ እየተወረወሩ ጉብታዎቹን ወደፊት ያዞሯቸዋል፤ ሲዘገይ ስፕሪንግ ይመልሳቸዋል። ሁለተኛው የቫክዩም መሣሪያ ነው። በውስጡ ስስ የላስቲክ ሽፋን አለ፤ ከካርቡሬተሩ በቱቦ የሚመጣው የአየር ስበት ሽፋኑን ሲጎትተው ፑንቲናው የተቀመጠበት ሳህን ይዞራል፤ ብልጭታውም ይቀድማል። አንዳንድ የቮልስ ዲስትሪቢዩተሮች፣ ለምሳሌ ቦሽ 009 የተባለው፣ ክብደቶቹ ብቻ እንጂ የቫክዩም መሣሪያ የላቸውም።

ከፍታ ምን ይለውጣል?

የአየር ግፊት በባሕር ወለል 101 ኪሎ ፓስካል ነው። በ1800 ሜትር ወደ 82፣ በ3100 ሜትር ደግሞ ወደ 69 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። ንፋስ መውጫ ላይ ያለ ሞተር በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው አየር በባሕር ወለል ከሚያገኘው ከአሥር እጅ ሰባት እጅ ያህል ነው። በባሕር ወለል 50 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ የቮልስ ሞተር በዚያ ከፍታ 35 ያህል ይሰጣል። ይህን ኪሳራ ምንም ዓይነት የዲስትሪቢዩተር ማዞር አይመልሰውም፤ የጎደለው አየር ነውና።

ሁለተኛው ለውጥ በካርቡሬተሩ ላይ ይታያል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚሰጠው ቤንዚን ይቀንሳል፤ ነገር ግን የሚቀንሰው ከአየሩ ባነሰ መጠን፣ በውፍረቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። ስለዚህ ለባሕር ወለል የተቃኘ ካርቡሬተር ንፋስ መውጫ ላይ 20 በመቶ ያህል ትርፍ ቤንዚን ያለበት ድብልቅ ይሰጣል። ምልክቱ ጥቁር ጭስና ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ ነው። ይህ የነዳጅ እንጂ የታይሚንግ ችግር አይደለም፤ የሚስተካከለውም የካርቡሬተሩን ቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ በመለወጥ ነው።

ሦስተኛው ታይሚንጉን በቀጥታ ይነካል። ስስ ድብልቅ ውስጥ ቃጠሎው በመጠኑ ይዘገያል፤ ስለዚህ ብልጭታው ጥቂት ዲግሪ ቢቀድም ሞተሩ ይሻለዋል። ግፊቱ ስላነሰም የማንኳኳት አደጋው ይቀንሳል። የቫክዩም መሣሪያው ግን በዚህ ጊዜ የሚሠራው በተቃራኒው ነው። ወደ ሞተሩ በሚገባው ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት 40 ኪሎ ፓስካል ነው እንበል። በባሕር ወለል ከውጭው አየር ጋር ያለው ልዩነት 61 ኪሎ ፓስካል ሲሆን፣ ንፋስ መውጫ ላይ 29 ብቻ ይሆናል። የላስቲኩን ሽፋን የሚጎትተው ይህ ልዩነት ስለሆነ፣ ሞተሩ ተጨማሪ መቅደም በሚሻበት ቦታ መሣሪያው ያነሰ መቅደም ይሰጠዋል። ቶዮታን የመሰሉ አምራቾች በአንዳንድ ሞዴሎቻቸው ላይ በከፍተኛ ቦታ ታይሚንጉን ተጨማሪ የሚያስቀድም መሣሪያ የገጠሙት ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው።

ብልጭታው ራሱስ በስስ አየር ይዳከማል? በባሕር ወለል ግፊት አንድ ሚሊ ሜትር አየርን ለመዝለል 3000 ቮልት ያህል ያስፈልጋል፤ አየሩ ሲሳሳ የሚያስፈልገው ቮልት ይቀንሳል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ በካንዴላው ጫፍ መዝለል ይቀላል ማለት ነው። በእርግጥ በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ውስጥ ወደማይፈለግ አቅጣጫ መዝለልም በዚያው መጠን ይቀላል፤ ነገር ግን ሁለቱ አብረው ስለሚቀንሱ ንጹሕና ደረቅ ክዳን ያለው መኪና አይጎዳም። ስለዚህ ዳገት ላይ የሚቆራረጥ ብልጭታን በከፍታው ማሳበብ አይቻልም። ምክንያቱ እርጥበት፣ ቆሻሻ ወይም ያረጀ ዕቃ ነው።

ሦስት ዓይነት ድካም

ከላይ ካየነው አንድ ጠቃሚ መለያ እናገኛለን። ተራራው የሚወስደው ጉልበት እኩል በእኩል የሚወሰድ ነው፤ መኪናው ሲወጣ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ሲወርድም ቀስ በቀስ ይመለሳል። ሞተሩ ይደክማል እንጂ አይንገጫገጭም። መኪናው ወረታ ሲመለስ ጤናማ ከሆነ ጥፋቱ የአየሩ ነው።

ሞተሩ የሚቆራረጥ፣ የሚንገጫገጭ ወይም በጭስ ማውጫው የሚተኩስ ከሆነ የብልጭታው መንገድ ተበላሽቷል። ፑንቲና፣ ኮንደንሰር፣ ክዳን፣ ሮተር፣ ሽቦ ወይም ካንዴላ መመርመር አለበት። ይህ ብልሽት በማለዳ ጉም ወይም በክረምት ዝናብ ከባሰ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት ክዳኑና ሽቦዎቹ ናቸው።

ሞተሩ ሳይቆራረጥ ነገር ግን ወረታም ንፋስ መውጫም ላይ ደካማ ከሆነ፣ ከወትሮው ይልቅ ከሞቀ፣ ነዳጅ ሲሰጡትም ለመፍጠን ከተለገመ ታይሚንጉ ዘግይቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። እንግዲህ ቁልፍ ከማንሣት በፊት መኪናውን በሁለት ከፍታዎች ላይ ማስተዋል ግማሹን ምርመራ ይጨርሳል።

ምርመራው በቅደም ተከተል

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማርሹ ባዶ፣ የእጅ ፍሬኑም የተያዘ መሆን አለበት። ሞተሩ እየሠራ የሚደረግ ምርመራ ካለ ጋቢ፣ ነጠላና ፎጣ ከቺንጋው መራቅ አለባቸው። ሞተሩ ቆሞ እያለ ቁልፉን ከፍቶ መተውም ቦቢናውን ያግለዋል።

በመጀመሪያ ክዳኑ ይነሣና ውስጡ በብርሃን ይታያል። ስንጥቅ ወይም እንደ እርሳስ ጭረት ያለ ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ ኤሌክትሪኩ በዚያ በኩል እየሸሸ ነው። መስመሩን መፋቅ ለጊዜው ይረዳ ይሆናል፤ መድኃኒቱ ግን ክዳኑን መለወጥ ነው። እርጥበት ብቻ ከሆነ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። በጨለማ ሞተሩን አስነሥቶ ሽቦዎቹን ከሩቅ መመልከትም ይጠቅማል፤ የተሰነጠቀ ሽቦ ሰማያዊ ብልጭታ ያሳያል።

ቀጥሎ ፑንቲናው ይመረመራል። ገጹ ተቃጥሎ ከጠቆረ ወይም በአንዱ ወገን ጉብታ፣ በሌላው ወገን ጉድጓድ ከሠራ ኮንደንሰሩም ይጠረጠራል፤ ሁለቱን አንድ ላይ መለወጥ ይመረጣል። የፑንቲናው ክፍተት በቮልስ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም ጉብታው ፑንቲናውን እስከ መጨረሻ በከፈተበት ቦታ፣ ለዚሁ በተሠራ ስስ የብረት መለኪያ ይለካል።

በዚህ ነጥብ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፤ ክፍተቱን መንካት ታይሚንጉን መንካት ነው። አራት ጉብታ ባለው ዘንግ ላይ ለእያንዳንዱ ብልጭታ የሚደርሰው 90 የዲስትሪቢዩተር ዲግሪ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ፑንቲናው 50 ዲግሪ ያህል ተዘግቶ ይቆያል። ጉብታውን የሚነካው የፑንቲናው እግር በአገልግሎት ሲያልቅ ክፍተቱ ይጠብባል፤ የተዘጋበት አንግል ይሰፋል። ለምሳሌ በ1 ዲግሪ ቢሰፋ፣ ግማሹ ከመዝጊያው በኩል፣ ግማሹ ከመክፈቻው በኩል ነው። ፑንቲናው 0.5 ዲግሪ ዘግይቶ ይከፈታል ማለት ነው። ዲስትሪቢዩተሩ የሚዞረው በሞተሩ ግማሽ ፍጥነት ስለሆነ፣ 0.5 የዲስትሪቢዩተር ዲግሪ 1 የሞተር ዲግሪ ነው። ስለዚህ ማንም ሳይነካው የቆየ ዲስትሪቢዩተር በጊዜ ብዛት ታይሚንጉ በራሱ እየዘገየ ይሄዳል። ከዚህም የተነሣ ሁልጊዜ ክፍተቱ ይቀድማል፤ ታይሚንጉ ይከተላል።

ሦስተኛው ምርመራ የዘንጉ ነው። ሮተሩን ይዘን ወደ ጎን ስንወዘውዘው ዘንጉ የሚነቃነቅ ከሆነ የተቀመጠበት ቡሽ አልቋል። እንዲህ ያለ ዲስትሪቢዩተር በእያንዳንዱ ዙር የተለየ ክፍተት ስለሚሰጥ የቱንም ያህል ቢስተካከል ታይሚንጉ አይረጋም።

አራተኛ፣ ሮተሩን በሚዞርበት አቅጣጫ ጥቂት አዙረን እንለቀዋለን። በስፕሪንጉ ኃይል ወዲያው ተመልሶ መግባት አለበት። ካልተመለሰ ወይም ካልተንቀሳቀሰ ክብደቶቹ በአቧራና በደረቀ ዘይት ተይዘዋል። እንዲህ ያለ መኪና በሚኒሞ ደኅና ይሠራል፤ ሲፈጥን ግን ይለግማል። ክፍሉን በቤንዚን አጥቦ በጥቂት ጠብታ ዘይት ማለስለስ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

አምስተኛ፣ የቫክዩም መሣሪያ ካለ ቱቦውን ከካርቡሬተሩ በኩል ነቅሎ በአፍ መሳብ ነው። ሳህኑ መንቀሳቀስ፣ ቱቦውን በምላስ ሲዘጉትም ባለበት መቆየት አለበት። አየር የሚያሳልፍ ከሆነ የላስቲኩ ሽፋን ተቀዷል።

ታይሚንጉን ማስተካከል

ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው ዲስትሪቢዩተሩን ማዞር የሚፈቀደው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ፑሌጃው በሰዓት አቅጣጫ ይዞርና ምልክቱ የሞተሩ ቤት ሁለት ግማሾች ከሚጋጠሙበት መስመር ጋር ይገጥማል። በዚህ ጊዜ ሮተሩ በዲስትሪቢዩተሩ ከንፈር ላይ ወዳለው የ1ኛ ሲሊንደር ጭረት ማመልከት አለበት። ለቦሽ 009 የመነሻው መጠን ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 7.5 ዲግሪ በፊት ነው። ሌሎች ዓይነቶች የተለየ መጠን ስላላቸው በዲስትሪቢዩተሩ አካል ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይቶ ከመመሪያው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

አንድ ባለ 12 ቮልት አምፖል አንዱ ጫፉ ከቦቢናው ወደ ፑንቲናው በሚሄደው ሽቦ ላይ፣ ሌላው ጫፉ በሞተሩ ብረት ላይ ይገናኛል፤ የመኪናው ቁልፍም ይከፈታል። የዲስትሪቢዩተሩ ማሰሪያ ላላ ተደርጎ አካሉ አምፖሉ እስኪጠፋ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። ከዚያ በጣም በዝግታ በተቃራኒው ይመለሳል። አምፖሉ በበራበት ቅጽበት ፑንቲናው ተከፍቷል፤ ማሰሪያው እዚያ ላይ ይጠብቃል። የታይሚንግ መብራት ያለው ሰው ሞተሩን አፍጥኖ ጠቅላላው መቅደም ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ባለው ውስጥ መውደቁን ማረጋገጥ ይችላል።

በአንዳንድ ቀደምት የቮልስ ዲስትሪቢዩተሮች የ3ኛው ሲሊንደር ብልጭታ ጥቂት ዲግሪ የሚዘገየው ሆን ተብሎ ነው። በእነዚያ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደዚያ ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ስለሚጋርደው ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል፤ መዘግየቱም እንዳያንኳኳ ይጠብቀዋል። ይህን የማያውቅ ሰው እንደ ብልሽት ሊቆጥረው ይችላል።

ቁልቁለቱን አለመርሳት

መኪናው ኑሮው ንፋስ መውጫ ከሆነ፣ ከመደበኛው መጠን ላይ 2 ወይም 3 ዲግሪ መጨመር ምክንያታዊ ነው። ጥቅም ማስገኘቱ ግን በጆሮ ሳይሆን በሰዓት ይረጋገጥ። አንድ ዳገት መርጦ፣ በአንድ ማርሽ፣ በአንድ ዓይነት ጭነት ከምልክት እስከ ምልክት የሚወስደውን ጊዜ መለካት፣ ታይሚንጉን ለውጦ እንደገና መለካት ነው። ጊዜው ካልተሻሻለ ጭማሪው ይመለሳል።

ዋናው አደጋ ያለው በመመለሻው ነው። ከፍታ ላይ የማያንኳኳ ሞተር ወደ ወረታ፣ ወደ ስማዳ ቆላ ወይም ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ የሚተነፍሰው አየር እየወፈረ፣ የእመቃው ግፊት እየጨመረ ይሄዳል። ወደ ላይ ሲወጣ የጠቀመው ጭማሪ ታች ሜዳ ላይ ነዳጅ ሲሰጠው ማንኳኳት ሊያስከትል ይችላል። በቮልስ ደግሞ የማቀዝቀዣው ፋን ጩኸት ድምፁን ስለሚሸፍነው አሽከርካሪው ሳይሰማው ፒስተኑ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ጭማሪ የተደረገለት መኪና መደበኛው ቦታ በዲስትሪቢዩተሩ ላይ በቀለም ወይም በጭረት ሊመለከትለት፣ ረጅም ቁልቁለት ከመሄዱ በፊትም ወደዚያው ሊመለስ ይገባል። ይህን ለማድረግ የማይመቸው ሰው መደበኛውን መጠን ባይነካ ይሻለዋል፤ ከፍታ ላይ የሚያጣው ጥቂት ጉልበት ከአንድ ፒስተን ዋጋ አይበልጥም።

ጥያቄ ለአንባብያን

በአንድ ቮልስ ላይ የፑንቲናው እግር አልቆ የተዘጋበት አንግል ከ50 ወደ 56 ዲግሪ ሰፍቷል። መጀመሪያ ላይ ታይሚንጉ 7.5 ዲግሪ የቀደመ ነበር። አሁን ብልጭታው የሚሰጠው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ስንት ዲግሪ በፊት ነው? ባለቤቱ ክፍተቱን ሳይለካ ዲስትሪቢዩተሩን አዙሮ 7.5 ዲግሪ ላይ ቢመልሰው፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ሌላ መካኒክ ታይሚንጉን ሳያይ አዲስ ፑንቲና በ0.4 ሚሊ ሜትር ቢገጥምለት ታይሚንጉ የት ላይ ይሆናል? መኪናው በዚያው ይዞታ ከንፋስ መውጫ ወደ ወረታ ቢወርድስ ምን ሊገጥመው ይችላል? ስሌቱን የሠራ አንባቢ የመካኒኮች ቅደም ተከተል ለምን ከክፍተቱ እንደሚጀምር በራሱ እጅ ያረጋግጣል።